ከቱሉ ዲምቱ ብዙ የማይርቅ የማታ ኮሌጅ ጠቁሙኝ

የቱሉ ዲምቱ እኅት፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሳይንስ ከ600 312 አምጥቷል። የተመደበበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ሩቅ ክፍለ አገር ነው። እናታችን ኩላሊቷን ታማ በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ዲያሊሲስ ታደርጋለች። እኔ አቃቂ ፋብሪካ ስለምሠራ የሚወስዳትም የሚመልሳትም እርሱ ነው። ሂድ ብንለው እምቢ አለ፤ እኛም ጨክነን አልገፋነውም። ስለዚህ እዚሁ ሆኖ በማታ አካውንቲንግ እንዲማር ወስነናል።

እስካሁን ሦስት ቦታ አይቻለሁ። አንዱ ሳሪስ ነው፤ ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ነው፤ በወር ያስከፍላል። ሦስተኛው ኮዬ ፈጬ የተከፈተ አዲስ ቅርንጫፍ ነው፤ ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ክፍያውም ከሁሉም ይቀንሳል። በእነዚህ አካባቢዎች የተማራችሁ፣ ትምህርቱ እንዴት ነው? ማታ ወደ ቤት መመለሱስ?

የጀሞ ልጅ፦
312 ያመጣ ልጅ ለምን ከፍሎ ይማራል? ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። ስንቱ ያለቀሰበት ዕድል ነው! ደግሞስ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደጃችሁ ላይ አይደል እንዴ?

የቱሉ ዲምቱ እኅት፦
ወንድሜ፣ እርሱ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚሰጠው ምህንድስናና የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ስለ ምደባው ቤታችን ውስጥ ሦስት ሳምንት አልቅሰን ጨርሰናል። አሁን የምጠይቀው ስለ ኮሌጆቹ ነው።

መምህር ከኮተቤ፦
ልጄ፣ ምክሬን ስሚኝ። ኮተቤ ይግባ። እኔ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በነበረበት ዘመን ነው የተማርኩት፤ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እዚያ የቀሰምኩት ሥርዓት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፦ ጠመኔ አያያዝ ሳይቀር። የትምህርት ዕቅዱን ሳይጽፍ ክፍል የሚገባ መምህር አልነበረንም። እናቱን እንዲህ የሚያስታምም ልጅ ለመምህርነት የተፈጠረ ነው።

እናት ዓለም፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ቱሉ ዲምቱ የከተማው ደቡብ ጫፍ ነው፣ ኮተቤ ምሥራቅ። ልጁ ደግሞ የሚፈልገው አካውንቲንግ ነው።

መምህር ከኮተቤ፦
በዚህ ዕድሜ የሚፈለገው ነገር ይለወጣል። መንገዱም ቢሆን ለዕውቀት ሲባል አይርቅም። እኔ ኮተቤን እላለሁ።

የገላን ተመላላሽ፦
እኅቴ፣ አዲሱን ቅርንጫፍ ስታነሺ ልቤ ደነገጠ። ያንን ኮሌጅ አላውቀውም፣ መጥፎም አልለውም። የእኔን ታሪክ ብቻ ልንገርሽ።

በ2009 በሌላ የከተማው ዳርቻ በተከፈተ አንድ ቅርንጫፍ ተመዘገብኩ። ቅዳሜና እሑድ፣ አካውንቲንግ። የሬጂስትራሩ መስኮት ላይ የእውቅና ፈቃዱ ፎቶ ኮፒ ተለጥፎ ነበር። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የኮሌጁ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከሥር፣ የካምፓሱ አድራሻ በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ የአደይ አበባ ሥዕል ያለበት «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» የሚል ካርድ ተለጥፎበታል። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ መስኮት ከፈልኩ። ካርዱን ፀሐይ መትቶት የአደዩ ቢጫ ነጭ እስኪሆን ድረስ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ከሥሩ ምን አለ ብዬ አልጠየቅኩም።

በ2013 ተመረቅኩ። በዚያው ዓመት የአንድ ባንክ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አለፍኩ። ማስረጃዬ ለማጣራት ተላከ። መልሱ ሲመጣ፣ ኮሌጁ ፈቃድ አለው፣ የትምህርት መስኩም ፈቃድ አለው፣ እኔ የተማርኩበት ካምፓስ ግን የለውም። ሥራው ቀረ። የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ አባቴ በሬ ሸጦ ነበር የሰጠኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። የምርቃቴ ፎቶ አገር ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከእርሱ የወታደርነት ፎቶ ጎን ተሰቅሏል።

ሰሚት 72፦
አንጀቴን በላኸው ወንድሜ። ገንዘብህን መለሱልህ?

የገላን ተመላላሽ፦
አልመለሱም። ዋናው ካምፓስ ስሄድ «ጉዳዩ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ነው» አሉኝ። ቅርንጫፉ ጋ ስሄድ ሕንጻው የሶፋ መሸጫ ሆኗል። የተማርኩበት ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥን ተደርድሯል፤ ጥቁር ሰሌዳው ግን እንዳለ ነበር።

ሰሚት 72፦
ክሰስ! ከአንተ ጋር የተመረቁት ስንት ናችሁ? ተሰብሰቡና ጠበቃ ያዙ።

እናት ዓለም፦
የእህቴ ልጅም እንደዚሁ ሆናለች፤ የእርሷ በጤና መስክ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የግል ኮሌጅ የሚል ማስታወቂያ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

የሳሪስ ምሩቅ፦
ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡ። እኔ ሳሪስ ካለው ኮሌጅ ነው የተመረቅኩት፣ እስከ ሕይወቴ መጨረሻ አመሰግነዋለሁ። መብራት በጠፋ ምሽት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የራሳቸውን ፋኖስ ከቤታቸው አምጥተው፣ እኛ ወጥተን እስክናልቅ ቁጭ ብለው ይጠብቁን ነበር። ለወንድምሽ ሌላ ቦታ አትፈልጊለት።

የጀሞ ልጅ፦
ከናንተ ጋር ከተፈተኑት ስንቱ የመውጫ ፈተናውን አለፈ?

የሳሪስ ምሩቅ፦
ቁጥሩን አልያዝኩም። ሰዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ፣ ጎበዞች ናቸው።

የጀሞ ልጅ፦
ጥሩ ነው። ባንኩ ማስረጃ ሲጠይቅ ፋኖሱን እናሳየዋለን።

እናት ዓለም፦
የጀሞ ልጅ፣ ይህ አነጋገር ደግ አይደለም። ሰው ባመሰገነው አይዘባበቱበትም። ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ አጠያየቅህ ግን ይጎዳል።

የሂሳብ ሰው፦
ፍቀዱልኝና ወደ እኅታችን ጥያቄ ልመልሳችሁ። ለአሥራ አንድ ዓመት በአካውንታንትነት ሠርቻለሁ፣ አዲስ ተመራቂዎችንም አለማምዳለሁ።

የገላኑ ወንድማችን ታሪክ የሚያስተምረን ስለ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ለኮሌጅ ስም ብቻ አይሰጥም፤ ለካምፓሱ፣ ለትምህርት መስኩ፣ ለደረጃውና ለአሰጣጡ ነው። በመደበኛ የተፈቀደ በርቀት ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ቃሊቲ የተፈቀደም ኮዬ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የድሮው ስሙ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ነበር፣ ብዙ ሰው አሁንም በዚያው ይጠራዋል። ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት አትመኑ። ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄዳችሁ የካምፓሱን አድራሻ ጠቅሳችሁ ጠይቁ። ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀንም እዩ፤ ልጁ ገና ሁለተኛ ዓመት ሳለ የሚያልቅ ከሆነ፣ ስለ እድሳቱ ምን ላይ እንደደረሱ ፊት ለፊት ጠይቋቸው።

ቀጥሎ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ጀምሮ ይህን ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፈው 40.65 በመቶ ነበር፤ ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶ። ይህ ልዩነት የግል ተማሪ ሰነፍ ነው አያሰኝም፤ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረው ብዙ ነው። ነገር ግን ወንድምሽም እንደ እነርሱ ደክሞት ነው ክፍል የሚገባው። ስለዚህ ኮሌጁ ለመውጫ ፈተና የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል ወይ? ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ መለማመጃ ክፍል አለው ወይ? በመጨረሻው ዙር ከአካውንቲንግ ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? መልሱን የሚያውቅ ዲን ወዲያው ይነግርሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። መምህሩ የሚያስተምርበትን ሃንድአውት ተበድረሽ ግለጪው። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎችን ተቀብላለች። ሆኖም ያሮጌው አሠራር ብቻ ያለበት፣ ከዓመት ዓመት እየተባዛ ፊደሉ የጠፋ ሃንድአውት ይዘው የሚመጡ ልጆች አጋጥመውኛል። ቢሮ ገብተው የድርጅቱን ሪፖርት ሲያዩ ሌላ ቋንቋ ይመስላቸዋል። ያሳዝኑኛል፤ ከፍለው የተማሩት እነርሱ ናቸው።

ሰሚት 72፦
ለመሆኑ ለአካውንቲንግ ላፕቶፕ ያስፈልጋል? ለእኔ ልጅም ልገዛ ነበር። መርካቶ ወይስ መገናኛ ይሻላል?

የሂሳብ ሰው፦
ፒችትሪ ለሚባለው የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራምና ለኤክሴል የሚሆን ያገለገለ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ኮሌጁ ስንት የሚሠራ ኮምፒውተር እንዳለው እዩ። ሃያ ኮምፒውተር ተደርድሮ የሚበራው ሰባቱ ብቻ የሆነበት ክፍል አይቻለሁ።

ቃሊቲ ነዋሪ፦
ስለ መንገዱ ማንም አልመለሰላትም። ከሳሪስ ቢማር እስከ ቃሊቲ በባቡር ይመጣል፤ ባቡሩ እዚያ ያበቃል። ከዚያ ወደ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ሰልፉ ይረዝማል፣ መኪናው ያንሳል፤ ዝናብ ከጣለ ጭራሽ አይታሰብም። ቃሊቲ ቢማር አንድ ጉዞ ይቀንስለታል። ኮዬ ቢማር በእግሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይሂድ። ከአስፋልቱ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሚያስገባው መንገድ ላይ መብራት የለም፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ጅብ አይጠፋም። እኔ ራሴ ሁለቱን ባንድ ምሽት አይቻለሁ። ጠዋት እናቱን ይዞ የሚወጣ ልጅ ማታ 4 ሰዓት ቤት ከገባ መቼ ያጠናል?

መምህር ከኮተቤ፦
ስለዚህም ነው መምህርነት ያልኩት።

የቱሉ ዲምቱ እኅት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ኮዬው ቅርንጫፍ ጎራ ብዬ ፈቃዱን አሳዩኝ አልኳቸው። ልጅቷ በትሕትና «ዋናው ካምፓስ ነው ያለው» አለችኝ። ፎቶ ኮፒውንስ ስላት «በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» አለች። ቃሊቲ ያለው ደግሞ ፈቃዱን አውጥተው አሳዩኝ፣ አድራሻውም የዚያው ነው፤ ስለ መውጫ ፈተና ውጤት ስጠይቅ ግን ዲኑ የሉም ተባልኩ። ሳሪስ ገና አልሄድኩም።

የገላኑ ወንድሜ፣ አንተ አሁን የት ነህ? ትምህርቱን ተውከው ወይ?

የገላን ተመላላሽ፦
አልተውኩም። እንደገና ከመጀመሪያ ጀምሬ ሌላ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ፣ በማታ። ከእኔ ጋር የሚማሩት ልጆች «ጋሼ» ይሉኛል። ዘንድሮ ሃያ ስምንት ሞልቶኛል እኮ። የመጀመሪያውን ቀን ለመመዝገብ የሄድኩት የባለሥልጣኑን መልስ በእጄ ይዤ ነው።

ከፈለግሽ ከወንድምሽ ጋር አብሬው ልሂድ። ሁለት ሰው ሲጠይቅ መልሳቸው ይለያል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ቃሊቲ መናኸሪያ በር ላይ እጠብቀዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ሳሪስም እንሻገራለን።

የሳሪስ ምሩቅ፦
ሳሪስ ስትደርሱ ቤተ መጻሕፍቱ ግቡ። ያ ፋኖስ ያመጡልን ኃላፊ አሁንም እዚያው ናቸው፤ እኔ እንደላክኋችሁ ንገሯቸው።

የቱሉ ዲምቱ እኅት፦
ቅዳሜ የእናታችን ተራ ነው፤ ወንድሜ ከ5 ሰዓት በፊት ከሆስፒታል አይወጣም። ዓርብ ይሻልሃል?

የገላን ተመላላሽ፦
ዓርብ ይሁን። ከሥራ አስፈቅዳለሁ።

ሰሚት 72፦
ላፕቶፑን መገናኛ ገዛሁት። ከዚህ ሰፈር ፒችትሪ የሚጭንልኝ ሰው የምታውቁ አላችሁ?