አስቸኳይ፦ «ሃዝ» ብልም ቀይ፣ «ሃቭ» ብልም ቀይ

ቸኳይዋ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ፤ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን የሥራ ማመልከቻ በ40 ደቂቃ ውስጥ መላክ አለብኝ፤ የኮምፒውተሩ ሰዋስው አራሚ ግን «አለው» ለማለት በጻፍኩት ግስ ሥር በቀይ ያሰምርብኛል። «ሃዝ»ን በሙሉ «ሃቭ» ሳደርገው አንዱ ቦታ ይስተካከልና ሌሎቹ ቀይ ይሆናሉ፤ ስመልሰውም ያው ነው። የቱ ነው ትክክል?

ሰዋስው ወዳድ፦ ከመሠረቱ እንጀምር። በአሁን ጊዜ አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዜይ «ሃቭ» ይላሉ፤ ሂ፣ ሺ፣ ኢት ደግሞ «ሃዝ»። እንደ ሌሎቹ ግሶች ቢሆን «ሃቭስ» በተባለ ነበር፤ ከደንብ የወጣው እዚህ ጋ ነው። «ቢ» የሚለው ግስ ይብሳል፤ አም፣ ኢዝ፣ አር ሆኖ ሦስት ቦታ ይከፈላል።

መስመር 12፦ ዓረፍተ ነገሮቹን ሳናይ እንዴት እንመልስልሽ? ለጥፊያቸው።

ቸኳይዋ፦ 1) «ዘ ካምፓኒ ዳዝንት ሃዝ» 2) «ማይ ማናጀር ሃቭ ስሪ ኦፊስስ» 3) «ዋን ኦፍ ማይ ኮሊግስ ሃቭ»። 2ኛው ላይ ግን የተሳሳተው አራሚው ይመስለኛል፤ ቢሮዎቹ እኮ ሦስት ናቸው!

ፈጣን መልስ፦ 1ኛው «ዳዝንት ሃቭ» ነው። የ«ሃዝ»ን መጨረሻ፣ «ኤስ» ፊደሏን፣ «ዳዝ» ወስዷታል፣ ለሁለት አትበቃም።

መስመር 12፦ አራሚው ልክ ነው። በአማርኛ «ቢሮ አለው»፣ «ሦስት ቢሮዎች አሉት» እንላለን፤ ግሱ የሚከተለው ንብረቱን ነው። እንግሊዝኛው የሚያየው ባለንብረቱን ብቻ ነው። ማናጀሩ አንድ ሰው ስለሆነ ቢሮው አንድም ይሁን መቶ «ሃዝ» ነው። «አላቸው» እያልሽ በአክብሮት አስበሽው ከሆነም፣ አንቱታ እንግሊዝኛውን ግስ ወደ ብዙ አይለውጠውም።

ደብተር፦ ከ«ዳዝ» በኋላ «ሃቭ»። ከካን፣ ዊል፣ ማስት፣ ሹድ በኋላም «ሃቭ»፤ ባለቤቱ ሺ ብትሆንም።

ተከራካሪ፦ ካምፓኒ እኮ የብዙ ሰዎች ስብስብ ነው። «ዶንት ሃቭ» ቢባል ምን ችግር አለው?

ሰዋስው ወዳድ፦ በብሪታኒያ እንግሊዝኛ እንደ ቲም ያለውን የቡድን ስም እንደ ብዙ መያዝ የተለመደ ነው፤ በአሜሪካው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ይያዛል። ደብዳቤው ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ነው ጥፋቱ። እዚህ ነጠላው ይሻላል።

ፈጣን መልስ፦ 1ኛው «ዳዝንት ሃቭ» ነው ብያለሁ።

መስመር 12፦ 3ኛውን ማንም አልነካውም። ባለቤቱ «ዋን» ነው፤ «ኮሊግስ» ከ«ኦፍ» በኋላ ስለመጣ ግሱን አያዝም። ስለዚህ «ሃዝ»። ተጠንቀቂ፤ «ዋን ኦፍ ዘ ፒፕል ሁ...» ብለሽ ከቀጠልሽ «ሁ» ወደ ሰዎቹ ስለሚመለስ «ሃቭ» ይሆናል። «ዘ ነምበር ኦፍ» (የእነዚህ ብዛት) በ«ሃዝ»፣ «ኧ ነምበር ኦፍ» (በርካታ) በ«ሃቭ» ነው።

ደብተር፦ ቸኳይዋ፣ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትቀይሪ። መፈለጊያው ላይ «ሃዝ» ጽፈሽ አንድ በአንድ እዪ፤ ከፊቱ ዳዝ፣ ዳዝንት ወይም ካን ካለ ወደ «ሃቭ» መልሺው። ከዚያ «ሃቭ»ን ፈልጊና ባለቤቱን በልብሽ በሂ ወይም በዜይ ተኪው፤ ሂ ከሆነና ከፊቱ ዳዝ፣ ዳዝንት ወይም ካን ከሌለ «ሃዝ» አድርጊው። ጥያቄ ሲሆን «ዳዝ» ከባለቤቱ ይቀድማል፤ «ዳዝ ሺ ሃቭ» ይባላልና እሱ እንዳያመልጥሽ።