«ለጊዜው» ሰረዝ ኬ

ተርሚናሉ፦ የአንድ የክፍያ ድርጅት የኤፒአይ መመሪያ «የሰርተፊኬት ስህተት ከመጣ ለጊዜው ከርል ላይ ሰረዝ ኬ ጨምሩ» ይላል። ከርል ከትዕዛዝ መስመር ሰርቨር መጥሪያ ነው፤ ሰረዝ ኬ ደግሞ «ሰርተፊኬቱን አታመሳክር» ማለት ነው። ያውም እዚያው መስመር ላይ በሰረዝ ዩ የይለፍ ቃል ያስልካል! መሃል የገባ ሌባ የራሱን ሰርተፊኬት ቢያቀርብ ከርል ዝም ብሎ ያስረክበዋል።

ቤቲ ባክኤንድ፦ ኧረ አታካብድ። የሙከራ ሰርቨር ነው፣ ለጊዜው ተባለ እኮ።

ተርሚናሉ፦ ለጊዜው! ስንቱ ክሮን ጆብ (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ሥራ) ውስጥ ነው ይሄ «ለጊዜው» የተቀበረው? ስህተት 60፣ ማለትም ከርል ሰርተፊኬቱን ማረጋገጥ ሲያቅተው የሚመልሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ መካከለኛውን ሰርተፊኬት (የራሱን ከሚታመነው ፈራሚ ጋር የሚያገናኘውን) ስለማይልክ ነው። ብሮውዘር ጎዶሎውን ፈልጎ ይሞላል፤ ሊኑክስ ላይ ያለው ከርል አይሞላም። ኦፕንኤስኤስኤል ኤስ ክላየንትን ከሾውሰርትስ ጋር አሂጂና ሰርቨሩ የላካቸውን ሰርተፊኬቶች ቁጠሪ። አንድ ብቻ ከመጣ ፉልቼይኑን (ሙሉ ሰንሰለቱን) ይጫኑበት።

የኔታ ሊኑክስ፦ ራሳቸው የፈረሙት ከሆነ ደግሞ ሲኤ ፋይሉን (የፈራሚውን ሰርተፊኬት) በሲኤሰርት አማራጭ መስጠት ነው። ቅርጸቱ ፔም ይሁን። ፋይሉ ካልተነበበ 77 ይመልሳል፤ ከ60 ጋር አታምታቱት።

ቤቲ ባክኤንድ፦ የኔታ፣ ሰርተፊኬቱ በስም ነው፣ እኛ የምንጠራው በአይፒ። ሲኤሰርት ብቻውን ምን ይፈይዳል?

የኔታ ሊኑክስ፦ ልክ ነሽ ልጄ፣ ስሙ ስለማይገጥም ያው 60 ነው። ዩአርኤሉ ላይ ስሙን ጻፊና በሪዞልቭ አማራጭ ስሙን፣ 443ን (ፖርቱን)፣ አይፒውን አከታትለሽ ስጪው። ሆስት ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚላከውን የሰርቨር ስም) መቀየር ዋጋ የለውም፤ ከርል የሚያመሳክረው ዩአርኤሉ ላይ ያለውን ስም ነው።

ዶከር ልጅ፦ በከርል ፈንታ ዊጌት ተጠቀሙና ተገላገሉ።

ተርሚናሉ፦ ዊጌትስ ኖ ቼክ ሰርቲፊኬት አለው አይደል? ከሰረዝ ኬ ምን ለየው?

ዶከር ልጅ፦ ረጅም ስለሆነ ቢያንስ ሲጽፉት ያሳፍራል 😂

ቤቲ ባክኤንድ፦ እሺ፣ ሰረዝ ኬን ከፒንድፐብኪ ጋርስ? የሰርቨሩን ይፋዊ ቁልፍ ሻ256 (የቁልፉን አሻራ) ከሰጠሁት ሰረዝ ኬ ቢኖርም ያመሳክራል።

ተርሚናሉ፦ ያመሳክራል። ቁልፉን የቀየሩ ቀን ግን 90 ይመልስና ክፍያው ይቆማል። ያኔ ምን ልታደርጊ ነው፣ ፒኑን «ለጊዜው» ልታነሺው?

ቤቲ ባክኤንድ፦ አንዲት ቃል ይዘህ ልታድር ነው መሰለኝ።

የኔታ ሊኑክስ፦ በነካ እጃችሁ፣ ክላየንት ሰርተፊኬት (ደንበኛው ማንነቱን የሚያሳይበት) የምትጠቀሙ የቁልፉን የይለፍ ቃል ትዕዛዙ ላይ አትጻፉት፤ የትዕዛዝ ሂስትሪ ውስጥ ይቀራል። ኮንፊግ ፋይል ውስጥ አድርጉና ፈቃዱን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነብና የሚጽፍበት) አድርጉት።

ዶከር ልጅ፦ የኔታ፣ ኮንፊጉን ጊት (የጋራ የኮድ ማከማቻ) ላይ ለሚጭኑትስ ምን ይመክራሉ?

ተርሚናሉ፦ «ለጊዜው ነው» ይሉሃል።