የእናቴ የደም ግፊት 158/96 ሆነ፤ ሕመም ሳይሰማት መድኃኒት መጀመር አለባት?

ጠያቂ (የሄርማታ ልጅ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጅማ ነው። የ57 ዓመት እናቴ ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስትመለስ አንድ መድኃኒት ቤት ገብታ ግፊቷን ብትለካ 158/96 ሆነና “ደም ብዛት አለብሽ” ተባለች። እርሷ ግን ራሷንም እንደማያማት፣ እንደማያዞራትም ጠቅሳ “ያልታመመ ሰው ክኒን አይውጥም” ብላለች። ጎረቤቶቻችን ነጭ ሽንኩርት ያዙላታል፤ ደም ብትለግስ ይቀልላታል የሚሉም አሉ። እኔም 34 ዓመት ሞልቶኛልና ምን መመርመር እንደሚገባኝ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ነርሷ፦
እህቴ፣ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሙ ይመስለኛል። “ደም ብዛት” ሲባል ሰው ደሙ የበዛ ይመስለዋል፤ ደም መለገስ መፍትሔ መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። የጨመረው ግን ደሙ ሳይሆን የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ደግሞ ስትላላ ያለውን ግፊት ያሳያል። በተለያዩ ቀናት በጤና ተቋም ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ሕመሙ አለ ይባላል። ስለዚህ እናትሽ በአንድ ልኬት ብቻ ሕመምተኛ አይባሉም፤ ደህና ናቸው ብሎ መተውም አይቻልም።

ከገበያ እንደተመለሱ መለካታቸው ራሱ ቁጥሩን ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ከመለካታቸው በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና ባይጠጡ (ጅማ ተቀምጦ ይህን ማዘዝ እንደሚከብድ አውቃለሁ)፣ ወንበር ተደግፈው እግራቸውን ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ ቢያርፉ፣ ክንዳቸውም ተራቁቶ በልብ ትክክል ቢቀመጥና በመሐል ባያወሩ ልኬቱ ይታመናል። 180/120 ከደረሰና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የጅሬኑ፦
“አላመመኝም” የሚለውን ቃል አባቴም ይለው ነበር። መድኃኒቱን ሁለት ዓመት ወስዶ ግፊቱ 128/80 ሲሆንለት “ድኛለሁ” ብሎ አቆመ፤ ቁጥሩን ያወረደው ክኒኑ መሆኑን የነገረው አልነበረም፣ ወይም እኛ አልሰማንም። ከስምንት ወር በኋላ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ እስከ ዛሬ አይታዘዘውም። ነጭ ሽንኩርቱን በወጥ ይብሉት፤ የመድኃኒቱን ቦታ ግን አይተካም። ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ ከሆነ መቀነስ ያለበት እርሱ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ስኳራቸውም አብሮ ይታይ። ስምንት ሰዓት ያህል ምግብ ሳይበሉ ተመርምረው 126 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ ይረጋገጣል፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ገና ስኳር በሽታ አይባልም፣ ማስጠንቀቂያ ነው።

እናት ነኝ፦
አንቺን በተመለከተ “ሙሉ ምርመራ” ብለሽ ገንዘብሽን አታባክኚ። በአንቺ ዕድሜ መቅደም ያለበት የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው፤ በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል። እኔ የተመረመርኩት በአሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ) ነው፦ ማኅፀን በሩ ላይ ይቀባና ነጣ ያለ ቦታ መኖሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ማፈር እንጂ ሕመም አልነበረውም። ነጣ ብሎ የሚታየው የቅድመ ካንሰር ቁስለት ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ቀድሞ ከተገኘ በቀላል ሕክምና ይወገዳል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ጤና ጣቢያ ወስጃት አርፋ ስትለካ 146/92 ሆነ፤ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ድጋሚ ተቀጥራለች። የእኔንም ምርመራ ለዚያው ቀን አስይዣለሁ። ለመሄድ ተስማምታለች፣ አቦሉ እስክንመለስ ይቆያት ብላ።