የጋራ ላፕቶፕ ግዢ ረቂቅ፦ የፕሮሰሰሩ አንቀጽ

ጸሐፊ፣ ደሴ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን። ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የግዢ ረቂቅ ከፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል) አንቀጽ በቀር አልቋል። አሁን ያለው ጽሑፍ «ኮር አይ7 ወይም ከዚያ በላይ፣ ራም 16 ጊጋባይት» ነው የሚለው። ማሽኖቹ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም ላሉ አባላት በጋራ የሚያገለግሉ ናቸውና ሁሉም የሥራውን ጠባይ ይናገር።

የሕንፃ ዲዛይነሯ፣ ደሴ፦
እንዲህ ሆኖ ከወጣ ነጋዴው የፈለገውን አምጥቶ «ይኸው አይ7» ቢለን መልስ የለንም። አይ7ን በሚሠራው በኢንቴል ኩባንያ 13ኛ ትውልድ ውስጥ ያሉትን ብቻ እንይ። 1355ዩ ሁለት ዋና ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፤ የቀሩት ስምንቱ ኃይል ቆጣቢ ናቸው። 13700ኤች ስድስት ዋና ኮር አለው። 13700ኤችኤክስ ደግሞ ስምንት ዋና፣ ስምንት ቆጣቢ። መነሻ ዋታቸውም በቅደም ተከተል 15፣ 45 እና 55 ነው። ሦስቱም አይ7 ተብለው ይሸጣሉ! ልዩነቱን የሚናገረው ከቁጥሩ ኋላ ያለው ፊደል (ዩ፣ ኤች፣ ኤችኤክስ) ስለሆነ እሱ በረቂቁ ውስጥ መግባት አለበት።

ራይዘንን የሚሠራው ሌላው ኩባንያ ኤኤምዲም ቢሆን ያው ነው። ራይዘን 7 7730ዩ የ7000 ቁጥር ቢይዝም ውስጡ የቀድሞው ንድፍ፣ ዜን 3 ነው፤ 7840ኤችኤስ ግን ዜን 4። በዚህ ተከታታይ ዜኑ ስንተኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስተኛዋን አሃዝ ማየት ይበቃል።

ስለ ሥራዬ ደግሞ፦ የስዕል ፕሮግራሙ አውቶካድ አብዛኛውን ነገር የሚሠራው በአንድ ኮር ነው፤ ስለዚህ ለስዕል ብቻ ብዙ ኮር መግዛት ብር ማባከን ነው። ሬንደር (ከስዕሉ እውነተኛ የሚመስል ምስል ማውጣት) ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኮር በበዛ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። የአፕል ማክቡክ ይገዛ የሚል ካለ፣ የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራሙ ሬቪት ማክ ላይ አይጫንም፤ ለእኛ ቤት አይሆንም።

ቪዲዮ አርታኢው፣ ኮምቦልቻ፦
እህቴ ያለችው ልክ ነው። እኔ የምሟገተው ስለ ሙቀት ነው። ደሴ ብርድ ናት፤ እኛ ግን ቆላው አፋፍ ላይ ነን። የሠርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ ሳያርፍ ይሠራል። 13700ኤች ሲነሣ እስከ 115 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ግን ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ የታፈነ፣ በደረጃ ከአይ7 በላይ የሆነ አይ9 በደንብ አየር ከሚያገኝ አይ7 ወደኋላ ሊቀር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ደሴም ብትሆን ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ያንሳል። ብርዱ ያካክሳል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ስለዚህ ከመረከባችን በፊት ይፈተን። ሲኔቤንች አር23 የፕሮሰሰር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ነው፣ በነፃ ይገኛል፤ አንድ ዙር ብቻ አስኪዶ ነጥቡን መጻፍ፣ ከዚያ የ10 ደቂቃውን ሙከራ አስኪዶ ማነጻጸር። ነጥቡ በጣም ከወረደ ማቀዝቀዣው አልቻለም ማለት ነው።

ሌላው፣ የኔ ካሜራ የሚቀርጸው ባለ 10 ቢት 4:2:2 ኤች.265 በተባለ፣ ለመፍታት ከባድ በሆነ የቪዲዮ ዓይነት ነው። ኢንቴል ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ይህን ክዊክ ሲንክ በተባለው የራሱ የቪዲዮ ሃርድዌር ይፈታዋል። ያ ሳይኖር ታይምላይኑ (ቪዲዮው የሚቆራረጥበት መስመር) ላይ መሥራት መከራ ነው። ለቪዲዮው ማሽን ኢንቴል ተብሎ ይጻፍልኝ።

ቀያሹ፣ ወልድያ፦
እኔ መስክ የምወጣ ሰው ነኝ። ኤችኤክስ ያለው ማሽን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ሲሠራ 150 ዋት ቢጠጣ፣ 99 ዋት-ሰዓት ያለው ትልቅ ባትሪ እንኳ 40 ደቂቃ አይሞላም። ባትሪ ላይ ደግሞ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ በትንሽ ኢንቨርተር የ230 ዋት ቻርጀር መሸከምም አይቻልም። ለመስክ ራይዘን 7840ኤችኤስ ይሻለኛል፤ ስምንቱም ኮሮቹ ሙሉ ኮር ናቸው፣ ከ35 እስከ 54 ዋት ውስጥ ይሠራል። የድሮን ፎቶ አገጣጥሞ ካርታ የማውጣቱን ከባድ ሥራ ቢሮ ስመለስ በትልቁ ማሽን እጨርሰዋለሁ። ለዚያ ሥራ ግን 16 ጊጋ ራም አይበቃም፤ 64 ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፣ ደሴ፦
ልጆቼ፣ የምትሉት ገብቶኛል። ግን ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ለሁሉም ትልቁን መግዛት አንችልም። ከዱባይ የሚመጣውን ያገለገለ ብናስብስ?

የሕንፃ ዲዛይነሯ፣ ደሴ፦
ጋሼ፣ አንቱ ያሉት ይሆናል፤ ያገለገሉ የወርክስቴሽን ላፕቶፖች፣ እነ ዴል ፕሪሲዥንና ቲንክፓድ ፒ፣ ጥሩ ማቀዝቀዣ አላቸው። ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ግን እንዳይሆን። ዊንዶውስ 11 አይቀበላቸውም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። እንዲያውም ለከባድ ሥራ ከ12ኛ በታች ባንወርድ እመርጣለሁ፤ ዋናና ቆጣቢ ኮር ተለይቶ የመጣው ከዚያ ነው። ትልቁን አንድ እንግዛና በተራ እንጠቀምበት፤ ለስዕልና ለመስክ መካከለኛው ይበቃናል።

ጸሐፊ፣ ደሴ፦
እንግዲህ እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «ለሬንደር፣ ለቪዲዮና ለድሮን ካርታ፦ ኢንቴል 13ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ፣ ኤችኤክስ፣ ራም 64 ጊጋባይት፣ ራሙ ከሰሌዳው ጋር ያልተበየደና ሊቀየር የሚችል። ለስዕልና ለመስክ፦ ራይዘን 7840ኤችኤስ ወይም ተመጣጣኝ፣ ራም 32። ፕሮፎርማው (የነጋዴው የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር ከነፊደሉ ይጻፍ። ርክክብ ከ10 ደቂቃ ሙከራ በኋላ ይሆናል።» ያገለገለ ዕቃ በአማራጭነት ገብቷል፤ ከኢንቴል 12ኛ ትውልድ በታች አይፈቀድም።

ቀያሹ፣ ወልድያ፦
አንድ ነገር ብቻ ትጨመር፦ የመስኩ ማሽን ሙከራ ቻርጀሩ ተነቅሎም ይደገም።

ጸሐፊ፣ ደሴ፦
ገብቷል። ጋሼ፣ በዚህ መልክ ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ ያሰባስቡልን።