ለካውንቲ የበጀት ሥራ ብዬ ማስተርስ ልጀምር?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ወገኖች። ዕድሜዬ 41 ነው። ከአገር ቤት የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ ሜሪላንድ ውስጥ በሆስፒታል ሂሳብ ክፍል 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ወደ መንግሥት ሥራ፣ በተለይ ወደ በጀት ክፍል መሻገር እፈልጋለሁ። የማታ የፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርስ (42 ክሬዲት) ተቀብሎኛል፤ ክፍያውን በብድር ነው የምሸፍነው። ዜግነት ገና አልወሰድኩም፣ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። ማስተርሱ በሩን ይከፍትልኛል ወይስ ዕዳውን ታቅፌ እቀራለሁ?

የበጀት ሰው፦
እህቴ፣ ከመመዝገብሽ በፊት የምትፈልጊውን ሥራ ማስታወቂያዎች አሥር ያህል ሰብስቢና የዝቅተኛ ተፈላጊ ችሎታውን ክፍል ጎን ለጎን አንብቢ። የካውንቲ በጀት ተንታኝ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪና የተወሰኑ ዓመታት ልምድ ነው፤ አለዚያም ተመጣጣኝ የትምህርትና የልምድ ጥምርን ይቀበላል። ማስተርሱ የተጻፈው «ይመረጣል» በሚለው ሥር ከሆነ የሚያግድሽ እሱ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚያግደው ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር መመጣጠኑ ያልተገመገመ የውጭ ዲግሪ ነው። የናሴስ (የውጭ ዲግሪ ገምጋሚዎች ማኅበር) አባል በሆነ ገምጋሚ ድርጅት በየኮርሱ የተዘረዘረ ግምገማ አሠሪ። አጠቃላይ ግምገማው ርካሽ ቢሆንም የአካውንቲንግ ክሬዲቶችሽን ለይቶ አያሳይም። ብዙ ገምጋሚዎች ትራንስክሪፕቱን የሚፈልጉት ከሬጅስትራሩ በቀጥታ ስለሆነ አገር ቤት ጉዳዩን በውክልና የሚከታተል ሰው ያስፈልግሻል። ወራት ሊወስድ ይችላልና ዛሬ ጀምሪው።

ሁለተኛው ክፍተት የመንግሥት ሂሳብ አያያዝ ነው። የሆስፒታል ሂሳብ የምታውቅ ሰው ገንዘብ በፈንድ (ለየዓላማው በተለየ ሂሳብ) ተከፋፍሎ ሲያዝ፣ ምክር ቤት ያልፈቀደው ወጪ በሕግ ሲታገድ ግራ ትጋባለች። ይህን ግን አንድ ባለ 3 ክሬዲት የመንግሥት አካውንቲንግ ኮርስ ይሞላዋል፤ 42 ክሬዲት አይጠይቅም። በተጨማሪ የካውንቲሽን በጀት ሰነድ አንብቢ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ለምሳሌ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ዋና አስተዳዳሪው ረቂቁን እስከ ማርች 15 ያቀርባል። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት መርጠሽ ካለፈው ዓመት ምን እንደጨመረና ለምን እንደሆነ በሁለት ገጽ ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከዲፕሎማ ይልቅ ይህ ያናግርሻል።

ማመልከቻው ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ ወርና ዓመቱን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራሽ፣ የምን ያህል ገንዘብ ሂሳብ እንዳመሳከርሽ አስፍሪ። የሰው ኃይል ክፍሉ ያልተጻፈ ልምድ አይቆጥርልሽም።

ፌዴራል፦
የፌዴራል ሥራም ካሰቡ አስቀድመው ዜግነቱን ይውሰዱ፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። ካውንቲና ስቴት ግን ብዙውን ሥራ ለግሪን ካርድ ባለቤት ይከፍታሉ።

ማስተርስ በፌዴራል ሥራ ያለው ዋጋ የታወቀ ነው፦ ለብዙ የአስተዳደርና የትንተና ሥራዎች በጂ ኤስ 9 (ጂ ኤስ የፌዴራል ሠራተኞች የደረጃና የደመወዝ እርከን ነው) ብቁ ያደርጋል። ነገር ግን ከጂ ኤስ 7 ሥራ ጋር የሚመጣጠን የ1 ዓመት ልዩ ልምድም ለዚያው ደረጃ ያበቃል። የእርስዎ 9 ዓመት በትክክል ከተጻፈ ከዚያም በላይ ሊያስቆጥር ይችላል። የአካውንታንት የሥራ መደብ (መለያ ቁጥሩ 0510) ደግሞ የአካውንቲንግ ዲግሪ ወይም በሌላ ዲግሪ ውስጥ 24 የአካውንቲንግ ክሬዲት ይጠይቃል፤ የፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርስ ያንን አይተካም።

ማስተርስ ለጨረሱ ሰዎች ዋናው መግቢያ የነበረው የፕሬዚዳንታዊ ማኔጅመንት ፌሎውስ ፕሮግራም በፌብሩዋሪ 2025 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተዘግቷል። የቆዩ ምክሮች አሁንም ይጠቅሱታልና አይመኩበት።

ሂሳብ አዋቂ፦
ስለ ብድሩ ልጨምር። ከጁላይ 1, 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የድህረ ምረቃ ተማሪዎች የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪ የለም። እንደዚህ ላለ ማስተርስ የፌዴራል ብድር ጣሪያው በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው፤ ከሙሉ ጊዜ በታች ለሚማር የዓመቱ ጣሪያ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የማታ ተማሪ ስለሆንሽ ይህ በቀጥታ ይነካሻል። የጎደለውን በግል ብድር መሙላት በፍጹም አልመክርም፤ የግል ብድር በሕዝብ አገልግሎት የዕዳ ስረዛ (ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልተቋቋመ አሠሪ የሚሠሩ ሰዎች የፌዴራል ብድር ቀሪው የሚሰረዝበት ፕሮግራም) አይሸፈንም።

ስረዛው 120 ብቁ ክፍያ ይጠይቃል፤ ተከታታይ መሆን የለበትም። ሰው የሚሳሳተው አሠሪው ላይ ነው፦ በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ እየሠሩ ደመወዝ የሚከፍለው የግል ኮንትራክተር ከሆነ አይቆጠርም። በደብልዩ 2 ቅጽ ላይ ያለውን የአሠሪ ቁጥር አረጋግጪ። ሆስፒታልሽ ለትርፍ ያልተቋቋመ 501(ሐ)(3) ከሆነ ግን አሁንም ብቁ አሠሪ ነው። በትምህርት ምክንያት ክፍያ የቆመባቸው ወራት አይቆጠሩም።

ከብድር በፊት ሆስፒታሉን ጠይቂ፤ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ ለትምህርት መክፈል ይችላል። በ41 ዓመት ጡረታም ይታሰብ። ከጁላይ 1, 2011 ወዲህ ለተቀጠረ የሜሪላንድ ስቴት ሠራተኛ የጡረታ መብት የሚጸናው በ10 ዓመት ነው፤ ካውንቲዎች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ሦስት ዓመት ትምህርት ጨርሼ ነው የማመለክተው ካልሽ ያ ቆጠራ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ይጀምራል።

ጠያቂዋ፦
ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ ነው፤ ስለ ትምህርት ክፍያው ግን ጠይቄ አላውቅም። የዩኒቨርሲቲው የምላሽ ቀን ቀርቧል፣ ዕድሉ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ።

የበጀት ሰው፦
ቅበላው ለአንድ ዓመት እንዲተላለፍልሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። በዚህ መሃል የመንግሥት አካውንቲንጉን ኮርስ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማስተርስ ደረጃ፣ ለዲግሪው በመደበኛነት ሳትመዘገቢ፣ ሆስፒታሉ ከከፈለልሽ በሆስፒታሉ ገንዘብ ውሰጂ። ክሬዲቱ ኋላ ለዲግሪው እንደሚቆጠር ግን ከመክፈልሽ በፊት ከፕሮግራሙ አስተባባሪ በጽሑፍ ተቀበይ። ግምገማውንና ማመልከቻዎቹን በዚሁ ሳምንት ጀምሪ።