«ሱተብል» እና «ኤሊጀብል» አንድ ናቸው?

ከኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁ። ለስቶር ኪፐር ቦታ በእንግሊዝኛ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። ማስታወቂያው ከላይ «ኤሊጀብል» ከታች «ሱተብል» አመልካች ይላል፤ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም «ብቁ፣ ተስማሚ» ይላል። «ሱተብል ዊዝ ዚስ ጆብ» ብል ያስኬዳል? ቃሉስ ከሱፍ ልብሱ «ሱት» ጋር ይዛመዳል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ
አብሽሪ እህቴ። «ዲግሪና 2 ዓመት ልምድ» ከተባለ ያንን ማሟላትሽ ኤሊጀብል ያሰኝሻል፤ ወረቀትሽ ታይቶ ያልቃል። ሱተብል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ «ለቦታው ትሆናለች ወይ?» ሲባል። ኤሊጀብል ሆኖ ሱተብል ያልሆነ ሞልቷል።

«ዊዝ»ን አውጪው። «ከእኔ ጋር ይስማማል» ስለምንል አማርኛችን ነው የሚያሳስተን። «ሱተብል ፎር ዘ ፖዚሽን» በይ። በግሱ ከሆነ ምንም አይገባበትም፦ «ዘ ጆብ ሱትስ ሚ»። ኤሊጀብል ደግሞ ከስም በፊት «ፎር»፣ ከግስ በፊት «ቱ» ይወስዳል፦ «ኤሊጀብል ቱ አፕላይ»።

ደግሞ ሱተብል ነኝ ብሎ መጻፍ ብዙም አያዋጣም፣ ፍርዱ የቀጣሪው ነው። ሞዴል 19 እና 22 (የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞች) ከሠራሽ፣ ቢን ካርድ (የየዕቃውን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ መመዝገቢያ) ከያዝሽ፣ እሱን ጻፊ።

ሸዋበር
ዝምድናው እውነት ነው። ሥሩ በላቲን «ሴክዊ»፣ መከተል ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ሲያልፍ አጀብ፣ ተከታይ ማለት ሆነ። ኮትና ሱሪ ከአንድ ጨርቅ ተቆርጠው አብረው ስለሚሄዱ ሱት ተባሉ። የፍርድ ቤት ክስም ሱት ነው፤ የሆቴሉ «ስዊት»ም ተከታታይ ክፍሎች ማለት ነው። ሱተብል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ብቅ ሲል ከሌላው ጋር የሚሄድ፣ የሚመሳሰል የሚል ስሜት ነበረው።

እኛ ግን ስሙን ያወጣነው ከጨርቁ ነው፤ በዓረብኛ ሱፍ የበግ ጠጉር ነው። ፒያሳ ያለ ሰፊ በፖሊስተር ሰፍቶትም ያው ሱፍ ነው።

ኤሊጀብል ቤተሰቡ ሌላ ነው፦ «ኤሊጌሬ»፣ መርጦ ማውጣት። ኤሌክሽንና ኤሊት ወንድሞቹ ናቸው።

አራዳ
አንድ ነገር ልጨምር። «ኤሊጀብል»ን በፊደል ስህተት «ኢሌጀብል» ብለሽ እንዳትጽፊው፤ እሱ የማይነበብ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ቀይ አያሰምርበትም። ልብስ ላይ ደግሞ ልክሽ ከሆነ «ፊት»፣ ካማረብሽ «ሱት» ነው።

ከኮምቦልቻ
አላህ ይስጣችሁ። «ዊዝ» ወጥቷል፣ ሞዴል 19 ገብቷል።