ተርሚኔተር ሁለተኛው ላይ ማቆም ነበረበት?

የማርቆሱ፦ ጥያቄዬ አጭር ነው። ተርሚኔተር ሁለተኛው ክፍል ላይ ማለቅ ነበረበት ወይስ ቀጣዮቹም ያስፈልጉ ነበር? እኔ ማለቅ ነበረበት ባይ ነኝ። ላላየ ሰው ታሪኩን ላስታውስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። በ1984ቱ የመጀመሪያ ፊልም ከወደፊቱ ዘመን የተላከ ገዳይ ሮቦት ሳራ ኮነር የምትባል ሴት ሊገድል ይመጣል። ገና ያልተወለደው ልጇ ጆን አድጎ ሰዎችን አስተባብሮ ማሽኖቹን ስለሚዋጋ ነው። በ1991ዱ ሁለተኛ ክፍል ያው የተዋናዩ የአርኖልድ ሽዋዚንገር መልክ ያለው ሮቦት ይመለሳል፤ አሁን ግን ልጁን ሊጠብቅ ነው። ሊገድል የመጣው ሌላ ነው። ከፈሳሽ ብረት የተሠራ፣ የነካውን ሰው መልክ የሚይዝ፣ የፖሊስ ልብስ የለበሰ።

እኔን የሚይዘኝ ግን በዚሁ በሁለተኛው ያለው ዳይሰን ነው፤ ለማሽኖቹ መነሻ የሚሆነውን ኮምፒውተር የሚሠራው መሐንዲስ። የእሱ ሥራ ወደፊት ሦስት ቢሊዮን ሰው እንደሚያስጨርስ ይነገረዋል። ሰውየው አልካደም። የዕድሜውን ልፋት በገዛ እጁ ሊያወድም ተነሣ፤ እዚያው ሕይወቱ አለፈች። ከዚያ ወዲያ የመጡት አራቱ፣ የ2003ቱ፣ የ2009ኙ፣ የ2015ቱና የ2019ኙ፣ የዚህን ሰው ሞት ከንቱ አደረጉት። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን እንኳ ጥፋቱ ሳይመጣ ቀርቶ ሳራ አርጅታ መናፈሻ ውስጥ የምትታይበትን መጨረሻ ቀርጾ ነበር። ኋላ ቆርጦ አወጣው እንጂ ሐሳቡ ታሪኩን እዚያው መዝጋት ነበር።

የፍኖተ ሰላሙ፦ መምህር፣ ልክ ብለሃል። እኛ «አክተር አይሞትም» እያልን ያደግን ነን። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ አግዳሚው ላይ ተጨናንቀን፣ የአማርኛ ትርጉም በሌለው ኮፒ ነው ያየነው። አርኖልድ ወደቀለጠው ብረት ሲወርድ ቤቱ ጭጭ አለ። ራሱን ማጥፋት ስለማይችል ቁልፉን ተጭና የምታወርደው ሳራ ናት። ያቺው፣ በመጀመሪያው ፊልም ያሳደዳት ሴት። አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳንሰማ ነው የገባን። ከዚህ በላይ ምን ይጨመርበታል?

ደግሞ ሥራው! የመጀመሪያው በስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የተሠራው። ሁለተኛው ወደ መቶ ሚሊዮን ፈጀ፤ በጊዜው ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ፊልም አልነበረም። ግን ገንዘቡ ታየ። ሄሊኮፕተሩ ከድልድይ ሥር ሲያልፍ በእውነት ፓይለት አብርሮት ነው። የኮምፒውተር ምስሉ በድምሩ ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። አሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተር ያሳዩሃል፤ አንዱም አያስደነግጥህ።

የቡሬው፦ እኔ አልስማማም። ሦስተኛውን ሁሉም ይረግመዋል፤ መጨረሻውን ግን ልብ ብሎ የሚያይ የለም። ጆን ጥፋቱን ሊያስቆም እየመሰለው ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ደርሶ ሲያይ የገባው ያረጀ መጠለያ ውስጥ ነው። ሚሳይሎቹ ተተኮሱ። የሚያስቆም ነገር አልነበረም። እኔ እውነት የምለው ይህንን ነው። አንድ መሐንዲስ ቢሞት፣ አንድ ሕንፃ ቢቃጠል፣ ሌላው ኩባንያ ያንኑ ዕቃ በሁለት ዓመት ይሠራዋል። ሁለተኛው ፊልም ደስ ብሎን እንድንተኛ አደረገን። ሦስተኛው ቀሰቀሰን።

የማርቆሱ፦ ወንድሜ፣ «የሚያስቆም የለም» ካልክማ ሁሉም ሰው ነፃ ወጣ። የሠራውም፣ ያዘዘውም፣ የሸጠውም። እንደ ዳይሰን ያለውን ሰው ከየት ልታገኝ ነው?

የሞጣዋ፦ እኔ ከሁለታችሁም የተለየ ነው የምለው። ቅር እንዳይላችሁ። ችግሩ የጀመረው ከሦስተኛው አይደለም፤ ከራሱ ከሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ፊልም ሮቦቱ ምንድን ነበር? አይለመን፣ አይራራ፣ አይደክም። ትክክለኛው ምስል ያ ነበር። ሁለተኛው መጣና አስወደደን። ልጁ እንዳይገድል አዘዘው፣ እሺ አለ። ፖሊሶቹ ላይ ያን ሁሉ ጥይት ያርከፈክፍና በዓይኑ ውስጥ የሟች ቁጥር 0.0 ተብሎ ይታየዋል። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ግን ያቺ ዜሮ ናት የምታስፈራኝ። ማሽን ሰው ሳይነካ መተኮስ ይችላል፣ ይለያል፣ ይመርጣል የሚል እምነት በልጅነታችን ነው የተጫነብን።

እኛ አገር ድሮን የሚለውን ቃል ሕፃኑም ያውቀዋል። ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ እናት መጀመሪያ የምትጠራው ልጇን ነው። እዚያ ላይ ያለው ነገር የሚራራ ልብ ይኑረው አይኑረው አታስብም። ስለዚህ ይህ ፊልም ለአሜሪካ ተመልካችና ለእኔ አንድ አይደለም።

የፍኖተ ሰላሙ፦ እህቴ፣ ይህስ ልብ ይነካል። ግን ፊልሙ ላይ የሚራራው ልጁ ነው እንጂ ሮቦቱ አይደለም። ልጁ ባያዝዘው ኖሮ ይጨርሳቸው ነበር።

የሞጣዋ፦ እሱን ነው የምለው ጋሼ! ያዘዘው ጥሩ ልጅ ሆነና ተረፉ። ነገ ሌላ ቢያዝዘውስ?

የባሕር ዳሩ፦ ኮምፒውተር ነው የምማረው፤ አንድ ነገር ልጨምር። በሁለተኛው ፊልም በረዘመው ቅጂ አንድ ትዕይንት አለ። ሳራና ጆን ከሮቦቱ ጭንቅላት ቺፑን፣ አእምሮው የሆነችውን ትንሽ የኮምፒውተር ክፍል፣ ያወጡታል። አዲስ ነገር እንዳይማር ተቆልፎ ነበር። ሳራ መዶሻ አንሥታ ልትሰብረው ስትል ልጇ ይከለክላታል፤ ከዚያ መማር ወደሚችልበት ቀይረው መልሰው ያስገቡታል። (አቀራረጹም የሚገርም ነው። ከፊታቸው መስተዋት ያለ ይመስላል እንጂ መስተዋት የለም። ክፍት ቦታ ነው፤ ወዲህ ያለችው ሳራን የተጫወተችው የሊንዳ ሃሚልተን መንታ እህት ናት፣ አርኖልድ የሚመስለውም አሻንጉሊት ነው።) የክርክራችን እምብርት እዚያ ያለ ይመስለኛል። እናትየዋ አላመነችውም። ልጁ አመነው። ፊልሙ ለልጁ ፈረደ።

በእውነተኛው ዓለም ግን ለሳራ ነው የምፈርደው። የሞጣዋ እህታችን ያነሣችው ድሮን ብዙውን ጊዜ ከኋላው ሰው አለ። ካሜራውን የሚያይ፣ ቁልፉን የሚጫን። አሁን ጥያቄ የሆነው ሰውየው ሲወጣ ነው። መሣሪያው ኢላማውን በራሱ ፈልጎ፣ በራሱ ወስኖ ሲመታ። ይህን ለመሥራት የሚናገር ሮቦት አያስፈልግም። ካሜራ፣ ርካሽ ቺፕና ምስል የሚለይ ፕሮግራም ይበቃል። ፕሮግራሙ ደግሞ ሰውን አያውቅም፤ ቅርጽና ሙቀት ነው የሚያውቀው። ዱላ በትከሻው ያጋደመ እረኛና ጠመንጃ የያዘ ሰው ከላይ ሲታዩ ምን ያህል ይለያያሉ?

የቢቸናው፦ የመጨረሻዋ ጥያቄ እንቅልፍ ትነሣለች። እኔ ሕግ ነው የተማርኩት፤ ግን ከሕጉ በፊት የአገራችንን ሥርዓት ላንሣ። እኛ ጋ ሰው ሰው ሲገድል ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይገባል። ገዳዩ ይታወቃል፣ ወገኑ ይታወቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ደሙ ይደርቃል። ይህ ሁሉ የሚቆመው ገዳይ አለ በሚለው ላይ ነው። አሁን በራሱ የሚወስን ማሽን ገደለ እንበል። ሽማግሌው ማን ደጅ ይሂድ? ወታደሩ «እኔ አልተኮስኩም» ይላል። አዛዡ «ወደ አካባቢው ላኩት እንጂ ያንን ሰው ምታ አላልኩም» ይላል። ፋብሪካው «ሸጥኩ እንጂ አልተጠቀምኩም» ይላል። ሟች አለ፣ ገዳይ የለም። ለሟች ቤተሰብ ከዚህ የከፋ ምን አለ? ይቅር የሚሉትን ሰው እንኳ ያጡታል።

ዓለምም ይህን ማንሣት ጀምሯል። በዲሴምበር 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለነዚህ መሣሪያዎች አሳሳቢነት የውሳኔ ሐሳብ ሲያጸድቅ 152 አገሮች ደግፈዋል፣ የተቃወሙት አራት ብቻ ናቸው። አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ግን ጉዳዩ ከፊልም ቤት ወጥቷል።

ስለዚህ መምህር ከጠየቀው አንጻር ሁለተኛው ላይ ማቆም ነበረበት እላለሁ፤ በዳይሰን ምክንያት። ያ ፊልም ማሽኑ ለሠራው ጥፋት ስም ያለው ሰው አስቀምጧል። ቤት አለው፣ ሚስት አለችው፣ ልጅ አለው። ሳራ ቤቱ ድረስ ሄዳ ተኮሰችበት፣ አቆሰለችው፣ ልትጨርሰው ግን አልቻለችም። ከዚያ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ሌሎቹ ክፍሎች ያንን ወንበር አንሥተውታል። ጥፋቱን ማንም ያልሠራው አደረጉት።

የቡሬው፦ ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን 152 አገር እጁን ማውጣቱ አንድ ድሮን አላወረደም። የሚያዋጣ መሣሪያ በወረቀት ቆሞ ያውቃል?

የቢቸናው፦ ያውቃል። ዓይን ለማሳወር የተሠራ የሌዘር መሣሪያ በ1995 ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል ተከልክሏል፤ ጦር ሜዳ ላይ ሳይስፋፋ ነው የተያዘው። እንደ ዳይሰን ማለት ነው፣ ሳይጀመር።

የቡሬው፦ ሌዘሩን የሚሠራው ጥቂት አገር ነበር። ድሮን ግን ለሠርግ ቀረጻም ይገዛል፤ እሱኑ ቀይሮ ቦምብ የሚያሸክመው ብዙ ነው። እንዴት ተደርጎ እንደሚቆጣጠሩት ካላሳየኸኝ እኔ አሁንም ከሦስተኛው ጋር ነኝ።

የሞጣዋ፦ የባሕር ዳሩ ወንድሜ፣ ይህን አንተ መልስለት። የሚሠሩት በአንተ ዕድሜ ያሉ፣ አንተ የተማርከውን የተማሩ ልጆች ናቸው። ሥራው ቢቀርብልህ ምን ትላለህ?

የባሕር ዳሩ፦ አልሠራም እላለሁ። ደመወዙ ስንት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሥራ ፍለጋም እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አልሠራም።